እንደተባለው ይሁን

ግንቦት ሲጋመስ በሰሜን ሸዋ ደጋ የቀበሌ ስብሰባ ይበዛል። ክረምቱ ሳይገባ መወሰን ያለበት ነገር አለ፤ ተራራው ከከብት ንክኪ ነፃ ይሁን አይሁን፣ ችግኙ የት ይተከል፣ የምንጩ አናት ይታጠር ወይስ ይተው። እዚህ ስብሰባ ላይ የሚያበሽቀኝ ተቃዋሚው አይደለም፤ ተቃዋሚስ ነቅቶ ነው የመጣው። የሚያበሽቀኝ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያንቀላፋ የቆየው ሰውዬ ነው። ሊቀ መንበሩ “ሐሳብ ያለው?” ሲል ብንን ይልና “እንደተባለው ይሁን” ይላል። ምን እንደተባለ አያውቅም። አጠገቡ ያለውም አያውቅም፤ “እኔም እንደ አባታችን ነኝ” ይላል። ይጨበጨባል፣ በሙሉ ድምፅ ይጸድቃል። ማታ አረቄ ቤት ያው ሰውዬ መለኪያውን ጨብጦ “ለመሆኑ ይሄን ተራራ የዘጋብን ማነው?” ብሎ ይጠይቃል። ጌታዬ፣ እርስዎ ነዎት!

“ለአፍ ዳገት የለውም” የሚለውን ተረት እንደምወደው ሌላ ተረት አልወድም። የተፈጠረው ከደብረ ሲና ተነስቶ ጣርማ በርን በእግሩ በወጣ ሰው አፍ ሳይሆን አይቀርም። ጣሊያን እንኳ ዳገቱ ቢያስቸግረው ተራራውን በስቶ አለፈ፤ አፍ ግን ዋሻም አያስፈልገው። ስብሰባ ላይ “ዘንድሮ ይሄን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን እንሠራለን” ሲባል ኪሎ ሜትሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ያለ ይመስላል። ጥር ላይ ዶማና አካፋ ይዞ ሲወጣ ነው ዳገቱ የሚመጣው።

እርከን ደግሞ ከጉልበት በፊት ልክ ይፈልጋል። ልኩን የሚሰጠው ኤ ፍሬም ነው፤ ዋጋው ሦስት እንጨትና አግዳሚውን አልፎ የሚወርድ ሲባጎ። ሁለት ሜትር የሚሆኑ እኩል እንጨቶች አናታቸው ላይ ይታሰራሉ፣ መሐል ላይ አግዳሚ ይመታል፣ ከአናቱ ድንጋይ ያንጠለጠለ ሲባጎ ይወርዳል። ሁለቱ እግሮች ያረፉበት ላይ ችካል ይተከልና ሲባጎው አግዳሚውን የነካበት ቦታ ይጫራል። ከዚያ እግሮቹን አቀያይሮ እዚያው ችካሎች ላይ ማቆም፣ ሲባጎው አሁን የነካበትንም መጫር። የሁለቱ ጭረቶች እኩሌታ ልኩ ነው፤ ሲባጎው እዚያ ካረፈ ሁለቱ እግሮች በአንድ ከፍታ ላይ ቆመዋል ማለት ነው። እኛ አገር ነፋስ ስለማይጠፋ ድንጋዩ ከበድ ይበል፤ አለዚያ ሲባጎው ሲወዛወዝ ሰዓቱ ያልቃል።

ይኼ ሁሉ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ግን በየቡድኑ “ዓይኔ አይስትም” የሚል አንድ ጎበዝ አይጠፋም። ዓይን በዳገት ላይ ይስታል። አንድ ክንድ ያህል ወደ ታች ያዘነበለ እርከን ውኃውን መያዙን ትቶ ወደ ዝቅተኛው ጫፍ ይነዳዋል፤ እዚያ ይጠራቀማል፣ ሐምሌ ላይ ይሸነቁራል፣ የተሸነቆረው ከሥሩ ያለውን ይሸነቁራል። ነሐሴ ሲያልቅ በሕዝብ ጉልበት የተሠራ ቦረቦር ይኖረናል። ሥራው ከላይ፣ ከተራራው ራስ መጀመር ያለበትም ለዚህ ነው፤ መጀመሪያ ጎርፍ መቀልበሻው ቦይ፣ ቀጥሎ የላይኛው እርከን፣ ከዚያ ወደ ታች። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከታች፣ ከመንገዱ ዳር ነው። ጎብኚ በመኪና ነዋ የሚመጣው።

የሚገርመው እዚሁ ዞን ውስጥ፣ መንዝ ላይ፣ ውሳኔ እንዴት እንደሚወሰን የሚያውቁ ሰዎች መኖራቸው ነው። የጓሳ ምድር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ባለመብቶቹ አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች ተወላጆች ነበሩ፤ አባ ቀራ የሚባል የጥበቃ አለቃ መርጠው ሳሩን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጉታል፣ ሲደርስ ተስማምተው ይከፍቱታል። ጓሳ ሳር ለቤት ክዳን ነው፣ ለገመድ ነው፣ በክፉ ጊዜ ለከብት ነው። ሳይከፈት ማጭድ ይዞ የገባ ሰው ቅጣቱ የዋዛ አልነበረም። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቀሮም አብሮ ተናጋ፤ የሁሉም ነው የተባለው ሳር የማንም ሆነ። ኋላ ላይ ማኅበረሰቡ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መለሰው፤ ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም ዛሬ እዚያ አሉ። ይኼን ስሰማ የሚቆጨኝ አንድ ነገር ነው፤ እዚያ ሳሩን የሚዘጋው ሰውና ሳሩን የሚያጭደው ሰው አንድ ሰው ነበር።

እኛ ጋ መተዳደሪያ ደንቡ የሚጣስበት ምክንያት ክፋት አይደለም። ደንቡን የሚጥሰው ሰው ስብሰባው ላይ የለም! ዕድሜው አሥር ዓመት ቢሆን ነው፤ “እንደተባለው ይሁን” ሲባል እሱ ከብት እየጠበቀ ነው። ነገ ጠዋት የተለመደው ግጦሽ ተዘግቷል ሲባል አምስት በሬና አንድ አህያ ይዞ ወዴት ይሂድ? ማንም አልነገረው። ኩበት የምትለቅመው እናቱም የለችም፤ ለተሰብሳቢው ቡና እያፈላች ነው። ተራራ ከመዘጋቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይታወቃል። ወሰኑ ከየትኛው ድንጋይ እስከ የትኛው ሸንተረር ነው? ከብቱ ወደ ውኃ የሚወርድበት መንገድስ ተትቷል? ሳሩ በጥቅምት ይታጨዳል ወይስ በኅዳር፣ በዕጣ ነው በየቤቱ? ቅጣቱ ለበሬ ስንት፣ ለፍየል ስንት? (ፍየል ቀንበጥ ስለምትበላ ቅጣቷ ከበሬ መብለጥ አለበት፤ ሁልጊዜ የሚጻፈው ግን ተገላቢጦሹ ነው።) የዘበኛው ደመወዝ ከየት ይመጣል? ዘመዱ የገባበት ዘበኛስ ምን ያደርጋል? እድራችን ከቀብር የቀረን ሰው ያለ ማንም ልመና ይቀጣል፤ ቅጣቱም ይከፈላል፤ ምክንያቱም ሁሉም ነገ ሟች መሆኑን ያውቃል። ተራራ ግን ማን ይሞታል ብሎ ያስባል?

ስለ ዛፍ ከተነሳ ከባሕር ዛፍ ጋር የቆየ ቂም አለኝ። ውለታው አይካድም። በምኒልክ ዘመን መጥቶ የማገዶ ችግር አቃለለ፤ ተቆርጦ ያቆጠቁጣል፣ አጣናው ልጅ ያስተምራል፣ ቅጠሉ እንኳ ምጣድ ያሰማል። እሱ ባይኖር ማሳ ላይ መበተን የነበረበት ፍግ ሁሉ ኩበት ሆኖ እሳት ውስጥ ይገባ ነበር፤ አሁንም የሚገባው ብዙ ነው። ቂሜ ከቦታው ጋር ነው። ምንጭ አናት ላይ! የሰው እርሻ ወሰን ላይ! ከሥሩ ገብስ ስላልበቀለ ጎረቤት በየዓመቱ አንድ ትልም እያፈገፈገ ነው፤ ባለ ዛፉ ያን ትልም በዓይኑ ለክቶ ደስ ይለዋል። እሱ ሰውዬ ደግሞ ስብሰባ ላይ ተነስቶ “ባሕር ዛፍ ውኃችንን መጥጦ ጨረሰው” ብሎ ከሁሉም የላቀ ጭብጨባ ይቀበላል። ሐምሌ ላይ ችግኝ ጣቢያው በር ላይ ሂዱና እዩት፤ ከጽዱ፣ ከኮሶውና ከወይራው አልፎ ምን እየጫነ እንደሆነ።

ችግኝ ተከላውማ... ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ከተነገረ ወዲህ ቁጥር የማይወድ ቀበሌ የለም። ከቁጥሩ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከፕላስቲኩ ጋር ነው። ችግኝን ከነከረጢቱ መቅበር ምን የሚሉት ጭካኔ ነው? ሥሩ ከረጢቱን ቀዶ አይወጣም፤ እዚያው ውስጥ እየዞረ ራሱን ያንቃል፣ ዝናቡ ሲያቆምም ይደርቃል። በምላጭ ከላይ እስከ ታች አንድ ጎኑን ቀዶ፣ ታች የተጠማዘዘውን ሥር ከርክሞ፣ አፈሩን ሳያፈርሱ ማስገባት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ጉድጓዱ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ቀደም ብሎ ይቆፈር፤ የላዩ ጥቁር አፈር ለብቻው ይቀመጥና መጀመሪያ የሚመለሰው እሱ ይሁን። የግንዱ አንገት ከመሬት እኩል ይዋል፤ ከተቀበረ ይበሰብሳል፣ ሥሩ ከታየ ይደርቃል። ዙሪያውን በተረከዝ ጠቅጠቅ ማድረግ ነው፤ ውስጡ ባዶ የቀረ ጉድጓድ ነፋስ ይይዛል። ከዚያ ደግሞ ደጋ ነን፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ አለ። በሳር ያልተጋረደ ለጋ ችግኝ ለገና አይደርስም። ሐምሌ ላይ ለመትከል ያልተጠራ ሰው የለም፤ ጥር ላይ ስንቱ እንደጸደቀ እንቁጠር ብሎ የጠራ ግን ማነው? ማንም!

ወንዝም አለ። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ እየበዛባት ነው፤ የበሬሳን ወንዝ ተከትሎ የሚጠጣ ከብትና የሚለማ አትክልት አለ። ለዚህ ጊዜ የተጻፈ ሕግ ሞልቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 ንዑስ አንቀጽ 3፣ በቀጥታ በሚነካው የአካባቢ ዕቅድ ላይ ሕዝብ ሐሳቡን የመስጠት መብት አለው ይላል። አዋጅ ቁጥር 299/1995 የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ጥናቱ ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ደነገገ። አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንም ሰው፣ እኔን በቀጥታ ነክቶኛል ማለት ሳያስፈልገው፣ ስለ ብክለት አቤት ማለት እንደሚችል ጻፈ፤ በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይኬዳል። አቤቱታ በወረቀት ይሁን፣ ቀን ይኑረው፣ ቅጂው ላይ የመዝገብ ቤት ማኅተም ይረፍበት። በቃል የተነገረ አቤቱታ 30 ቀኑ ከየት ይቆጠር?

ወደዚያ ስብሰባ ላይ ወደሚያንቀላፋው ሰውዬ ልመለስ፣ ረሳሁት። እውነቱን ለመናገር እሱ ዝም ቢልም ፊርማው አይተኛም። ጠዋት ሲገባ ስም መመዝገቢያ ወረቀት ይዞራል፤ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ፊርማ። ለመገኘት ነው ተብሎ የተፈረመው ወረቀት ከሰዓት በኋላ ከቃለ ጉባኤው ጀርባ በስቴፕለር ይያያዝና “ከላይ በተጠቀሰው የተስማሙ” ይሆናል። ስለዚህ ቃለ ጉባኤው እዚያው፣ ሰው ሳይበተን፣ ጮክ ተብሎ ይነበብ በሉ፤ ወሰኑ፣ ወሩ፣ ቅጣቱ እንደተባለው መጻፉን ስሙ። ስትፈርሙም ከፊርማችሁ ጎን “ለመገኘት ብቻ” ብላችሁ ጻፉ። ጸሐፊው ቦታ አይበቃም ይላል። በጀርባው ይጻፋል።