የቢሮ አማርኛ ማንን ነው የሚደብቀው?

“ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው…” ደብዳቤ እንዲህ ብሎ ሲጀምር እኔ ተስፋ እቆርጣለሁ። ርዕሱ እኮ እዚያው፣ ሁለት መስመር ከፍ ብሎ ተጽፏል። ምኑ ነው የተሞከረው? ተሞክሮ ሳይሳካ ቀረ እንዴ?

ቀላሉን ነገር ማክበድ የቢሮ ሙያ ሆኗል። ውሃ ሲጠፋ የሚለጠፈውን ማስታወቂያ አንብባችሁ ታውቃላችሁ። “በመስመር ላይ ባጋጠመ የቴክኒክ ችግር ምክንያት የአቅርቦት መቆራረጥ የተከሰተ በመሆኑና ችግሩን ለመቅረፍ አስፈላጊው ርብርብ እየተደረገ ስለሚገኝ በትዕግስት እንድትጠባበቁ እናሳስባለን።” ጀሪካን ይዛ የቆመች ሴት ማወቅ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ መቼ ይመጣል? እሱ ብቻ የለም።

ቴሌቪዥኑ ደግሞ ይብሳል። መንገዱ አላለቀም ማለት ያቃተው ኃላፊ “መንገዱን ከማጠናቀቅ አኳያ ውስንነቶች የታዩበት ሁኔታ ነው ያለው” ይላል። ልብ በሉ፣ እዚህ ውስጥ ሰው የለም። ያጓተተም፣ ያልከፈለም፣ ያልተቆጣጠረም የለም። ውስንነት በገዛ እግሩ መጥቶ ታየ። አማርኛ እንዲህ ላለው ነገር አይመችም ነበር፤ “አልጨረስንም” ካልክ “እኛ” ግሱ ላይ ተጣብቆ ይመጣል። ከ“እኛ” ማምለጥ የፈለገ ሰው ነው “ሁኔታ” ውስጥ የሚደበቀው። ለዚህ ነው ነገሩን የቋንቋ ውበት ጉዳይ አድርጌ የማላየው። የተጠያቂነት ጉዳይ ነው።

“የመንግሥት ቋንቋ ክብደት ያስፈልገዋል” የሚሉኝ አሉ። እሺ፣ ከዐድዋ በፊት የታወጀውን እንይ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. መስከረም ላይ ባስነገሩት የክተት አዋጅ ዘመቻው በጥቅምት መሆኑን ተናገሩ። የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ከቶ እንዲጠብቅ አዘዙ። ያልመጣውስ? “ወስልተህ የቀረህ ግን ኋላ ትጣላኛለህ፤ አልተውህም።” ማን፣ መቼ፣ የት፣ እምቢ ካለስ ምን፤ አንዱም አልቀረም። ተናጋሪውም አልተደበቀም፤ የማይተወው እሱ ራሱ ነው። ከዚህ በላይ ክብደት ከየት ይመጣል?

እስቲ ይህንኑ ለዛሬ ቢሮ ስጡት። “ሀገራዊ ጥሪውን ተቀብሎ ወደ ተግባር ከመግባት አንጻር ክፍተት በሚያሳዩ አካላት ላይ አስተማሪ እርምጃ የመውሰድ ሥራ የሚሠራ ይሆናል።” በዚህኛው ቢሆን ወረኢሉ የሚደርስ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ሕግ ጥንቃቄ ይፈልጋል የሚለውን ግን እቀበላለሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ3,300 በላይ አንቀጾች አሉት። ረቂቁን በፈረንሳይኛ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ ወደ አማርኛ የመጣው በትርጉም ነው። እንግዲህ ከባድ ለመሆን ሰበብ ሞልቶት ነበር። ሆኖም የመጀመሪያው አንቀጽ ሰው ከተወለደ ጀምሮ እስኪሞት የሕግ መብት እንዳለው በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ይናገራል። አስተርጓሚ አይፈልግም።

አስተርጓሚው ያለው ፍርድ ቤት በር ላይ ነው። ጃንጥላ ሥር ማመልከቻ ጸሐፊው ቁጭ ብሏል። ባለጉዳዩ “ጎረቤቴ አጥሩን ወደ እኔ ገፋው” ይላል። ጸሐፊው አንድ ገጽ ሙሉ “አመልካች” እና “ተጠሪ” እያለ ይሞላለታል። ሰውየው የገዛ አቤቱታው ሲነበብለት አይገባውም፤ ግን ከፍሎበታልና እሰየው ብሎ ይሄዳል። ጸሐፊውን አልወቅሰውም፣ እንጀራው ነው። ደግሞ ተራ አማርኛ ይዞ የሄደ ሰው ውስጥ ያለው ቢሮ ቁም ነገር አድርጎ እንደማይቆጥረው በደንብ ያውቃል።

አሜሪካኖች በ2010 እ.ኤ.አ. የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ለሕዝብ ሲጽፉ ግልጽ አድርገው እንዲጽፉ በሕግ ደነገጉ። እኛም ጋ ይደንገግ የሚል ሰው ቢመጣ አልቃወምም። ፈርቼ ግን ነው፤ አዋጁ ራሱ “ግልጽ አጻጻፍን ከማስረጽ አኳያ” ብሎ እንዳይጀምር።

ደብዳቤውን የሚያረቀው ወጣት ባለሙያም ጥፋቱ ትንሽ ነው። በሦስት መስመር ቢጽፍ አለቃው “ይሄ ደብዳቤ ነው ወይስ ቴክስት? ጠንከር አድርገው” ብሎ ይመልስበታል። ስለዚህ መጀመር ያለበት የሚፈርመው ሰውዬ ነው። ለባለጉዳይ “ጉዳይዎ በሂደት ላይ ነው” የሚለውን ሰርዞ ፋይሉ የትኛው ቢሮ፣ ማን ጠረጴዛ ላይ፣ ከመቼ ጀምሮ እንዳለ ይጻፍ። ከነስሙ። ግርግሩ የሚነሳው ያኔ ነው፤ ቢነሳም ደስ ይለኛል።