ታፔላ ለሁሉም

በአገራችን የጤና አገልግሎት እኩል አልተዳረሰም ብሎ የሚያማ ሰው ካለ ወደ ትውልድ ቀበሌዬ ይዤው ልሂድ። ከደብረ ማርቆስ ተነስተን ወደ ጮቄ እንወጣለን፤ መኪና እስከሚገባበት በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በእግር። ከጤና ኬላው ስንደርስ መጀመሪያ የሚቀበለን ሰው አይደለም፤ ታፔላ ነው። በሁለት የብረት ምሰሶ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ከማዶው ሸንተረር የሚነበብ፣ ሦስት ዓርማ ያለበት ታፔላ። እኔ እንኳ ከማስታውሰው አራት ጊዜ ተቀብቷል። ቀለሙ በጮቄ ብርድና ዝናብ ስለሚላላጥ የቀድሞዎቹ ፊደላት ከሥር ብቅ ብቅ ይላሉ፤ ተፍቆ እንደገና የተጻፈበት የጥንት ብራና ይመስላል። በአራቱም ቅብ ሳትነካ የኖረችው "ጤና" የምትለዋ ቃል ብቻ ናት። ዙሪያዋን የከበቧት ቃላት አስተዳደር በተለወጠ ቁጥር አብረው ይሻራሉ።

ቤቱ አልተቀባም። ጣሪያው ያፈሳል፤ የክትባት ማቀዝቀዣው ከተበላሸ ቆይቷል። ይህን እንደ ነውር የሚያነሱ ሰዎች አሉ፤ ነገሩ ያልገባቸው ናቸው። ቤቱን የሚያየው የታመመ ሰው ብቻ ነው። ታፔላውን ግን ጤነኛውም፣ መንገደኛውም፣ ከወረዳ ሳይነቃነቅ በስልኩ ላይ በፎቶግራፍ የሚጎበኘን ኃላፊም ያየዋል። ታዲያ ከሁለቱ ለብዙኃኑ የሚቀርበው የትኛው ነው?

አባቶቻችን "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ይሉ ነበር። ያ የድሮ ዘመን ነው። ዛሬ የሚቆጨው ሲሾም ታፔላ ያልቀየረ ነው። አዲሱ አስተዳደር ወንበሩ ሳይሞቅለት ስም ይለውጣል፣ መሪ ቃል ያወጣል፣ ባነር ያሠራል፣ ከዚያም የማስጀመሪያ መርሐ ግብር ያዘጋጃል። እንዲህ ያለ ትጋት ያለው ሹም ሰጥቶናልና ምስጋና ይገባዋል። ማስጀመር እንደ ማስጨረስ አይደለም፤ ማስጀመር በአንድ ቀን ያልቃል።

ልማዱ ደግሞ የትናንት አይደለም፤ ሥር ያለው ነው። ጎጃም ራሱ ስንት ጊዜ ስም እንደተሰጠው ቁጠሩ። ጠቅላይ ግዛት ነበር፤ ደርግ ክፍለ ሀገር አለው፤ ሊሄድ ሲል ደግሞ ምሥራቅና ምዕራብ ብሎ ከፈለው፤ ከዚያ ክልል መጣና ዞን ሆንን። ሞጣም፣ ቢቸናም፣ ቆላ ደጋ ዳሞትም አውራጃነታቸው ቀርቶ ታሪክ ሆኑ። በዚህ ሁሉ መካከል ከመንደራችን እስከ ቅርቡ ሐኪም ያለውን መንገድ ማንም አልነካውም፤ ያው አያቶቻችን በበቅሎ የሄዱበት ነው። ቅርስ መጠበቅ ይሉታል።

ጤናውም እንዲሁ። በደርግ ዘመን የኅብረተሰብ ጤና ወኪልና የሠለጠኑ የልምድ አዋላጆች ነበሩን። የሽግግሩ መንግሥት በ1986 ዓ.ም. አዲስ የጤና ፖሊሲ አወጣ። በ1990 የጤናው ዘርፍ ልማት መርሐ ግብር ተባለ፤ በ1995 የጤና ኤክስቴንሽን መጣ፤ በ2008 የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ሲጀመር ጥራትና ፍትሐዊነት ከአራቱ ዋና ዋና አጀንዳዎች በአንዱ ሥር ተጻፉ። ሌላው አጀንዳ ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራት ነበር። ርኅራኄን በአምስት ዓመት ዕቅድ ውስጥ ያስገባ አገር መቼም በስንፍና አይታማም።

እዚህ ላይ ሽሙጤን ለአንድ አፍታ ልግታ። የ1995ቱ ሥራ የምር ሥራ ነበር። በየቀበሌው ሁለት ሁለት ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ደመወዝ ተቆርጦላቸው፣ ቦርሳ አንግተው ከደጃችን መጡ። እናቴ ስለ ክትባትና ስለ መጸዳጃ ቤት የሰማችው ከእነሱ አፍ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው አስተዳደር ሁሉ ግን ልጆቹን አይቶ "እነዚህ መሄድ ይችላሉ" አለና የየራሱን ንቅናቄ በጀርባቸው ላይ ጫነ። 16 ብሎ የጀመረው የጤና ፓኬጅ 18 ደረሰ፤ ፓኬጅ ያልሆነውን ደግሞ እኔ አልቆጥረውም። ዛሬ ከሁለቱ የቀረችው አንዷ ናት፤ እሷም ጤና ኬላው ውስጥ የምትገኘው ስብሰባ በሌለበት ቀን ነው። በሩ ላይ ታፔላው ይተካታል።

የዓለም መንግሥታት በያኔዋ ሶቪየት ኅብረት አልማ አታ ከተማ ላይ ተሰብስበው የ"ጤና ለሁሉም"ን መግለጫ ያጸደቁት መስከረም 2 ቀን 1971 ነበር። ዕለቱ ደርግ ንጉሡን ያወረደበት አራተኛ ዓመት ነው፤ የተቀጠረውም እስከ 2000 ድረስ። ፈረንጆቹ 2000 ደረሰባቸውና አንገታቸውን ደፉ። እኛ ግን በባሕረ ሐሳባችን ቸርነት የሰባት ዓመት ከስምንት ወር ትርፍ ነበረን። የእኛም ሚሌኒየም መጥቶ አለፈ። ያኔ በመንደራችን የተደረሰበት ግኝት "ለሁሉም" የሚለው ቃል እስከ አስፋልቱ ዳር ድረስ ብቻ እንደሚሠራ ነው።

ባለፈው ዓመት ባሕር ዳር ከጣና ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ስለ ጤና ፍትሐዊነት በተዘጋጀ መድረክ ላይ የመገኘት ዕድል ገጥሞኝ ነበር። የተጋበዝኩት በስህተት ይመስለኛል። የምሳው ዓሣ ግሩም ነበር። እኛ የቅኔ አገር ልጆች ነን፤ ዋሸራና ዲማ ጊዮርጊስ ባሉበት ምድር ያደገ ሰው ሰምና ወርቅ ሳይፈልግ መቀመጥ አይችልም፤ ስለዚህ እኔም ከግድግዳው ባነር ላይ ኅብረ ቃሉን ፈለግሁ፤ አገኘሁትም። "ባለድርሻ አካላት" የምትለዋ ናት። ሰሙ በሕዝብ ጤና ጉዳይ ኃላፊነት ያለበት ሁሉ ማለት ነው፤ ወርቁ ደግሞ ከአበሉ ድርሻ ያለው። የኔታ ቢሰሙት "ይበል!" ይሉ ነበር።

ከቋንቋውም ብዙ ተማርኩ። በዚያ ቤት "አልሠራንም" አይባልም፤ "ውስንነት ታይቷል" ይባላል። "መድኃኒት የለም" አይባልም፤ "የግብዓት እጥረት አለ" ይባላል። ከተሰብሳቢው የሚነሳ ሐሳብም "እንደ ግብዓት ይወሰዳል"። ከደጋ የመጣ አንድ ገበሬ ተነስቶ "ጌቶቼ፣ ከጤና ጣቢያችን መድኃኒት አጣን" ሲል መድረክ መሪው አመስግኖ እንደ ግብዓት ወሰደለት። እንግዲህ ገበሬው ግብዓት አጥቶ መጣ፣ ግብዓት ሰጥቶ ተመለሰ። ከድሃ ተቀብሎ የሚያመሰግን እንዲህ ያለ መድረክ የት ይገኛል?

አሁን ስለ አጎቴ እግር ላውራ።

አጎቴ ዝሆኔ አለበት። ዝሆኔ በእኛ አገር የድሃ በሽታ ነው፤ ይህን የምለው ለማስተዛዘን አይደለም፤ በትክክል የሚይዘው ጫማ የሌለውን ስለሆነ ነው። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ዕድሜ ልኩን በባዶ እግሩ ያረሰ ሰው፣ በአፈሩ ውስጥ ያለው ደቃቅ ማዕድን በቆዳው እየሰረገ ገብቶ ከዓመታት በኋላ እግሩን ያሳብጠዋል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም፤ ምንም እንኳ መንደሩ ሁለቱንም ቢልና የአጎቴ ሴት ልጅ በዚሁ ምክንያት ሁለት ጊዜ ጠያቂ ቢመለስባት። መከላከያው ጫማ ነው። ለታመመውም ቢሆን ውኃ፣ ሳሙና፣ ቅባትና የሚበቃው ጫማ ትልቅ ለውጥ ያመጣሉ። ይኸው ነው። ከፖሊሲ ሰነዶች ሁሉ በገበያ ቀን ከሱቅ ሊገዛ የሚችል ፖሊሲ ይህ ብቻ ነው፤ የኮንጎ ጫማና አንድ ሙዳ ሳሙና።

ታዲያ አንድ ጊዜ አዲስ የመጣው አስተዳደር ስለ ዝሆኔ ንቅናቄ አስጀመረ። ንግግር ተደረገ፣ ፎቶግራፍ ተነሣ፣ ለታማሚዎቹም ስጦታ ታደለ። ካናቴራ። ነጭ፣ ጥሩ ጥጥ፣ ጀርባው ላይ "ማንንም ወደኋላ አንተውም" የሚል ተጽፎበታል። እግሩን ለታመመ ሰው ካናቴራ መስጠት ላላዋቂ ይገርመው ይሆናል፤ ነገር ግን አስቡት፣ ጫማ ቢሰጠው ጽሑፉን የት ላይ ያነቡታል? ከአዳዮቹ አንዱ ወጣት ለአጎቴ ጎንበስ ብሎ በአክብሮት "አባቴ፣ ከእንግዲህ ጫማ ማድረግ አለብዎት" አለው። አጎቴም "ልጄ፣ ያኔ እግር ነበረኝ፣ ጫማ አልነበረኝም። አሁን ጫማ ብትሰጠኝ እግሬ አይገባልህም" አለው። ወጣቱ ይህንንም ጻፈው፤ ለግብዓት መሰለኝ።

አጎቴ ካናቴራውን አልለበሰውም። ማታ ማታ እግሩን ታጥቦ ይጠቀልልበታል። ጥጡ እርጥበት ይመጥጣል ብሎ አመስግኗል፤ ፊደሉ ግን ይሻክራል አለኝ።

ስለ ጤና መድህኑ አጭር አድርጌ ላመስግን። በ2003 በ13 ወረዳዎች የተሞከረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን ሐሳቡ እውነትም መልካም ነው፤ መክፈል ላልቻለው መንግሥት ይከፍልለታል። ለዚህም "የድሃ ድሃ" የሚባል ማዕረግ ተፈጠረ። በመንደራችን ለዚህ ማዕረግ የሚደረገው ፉክክር ብርቱ ነው፤ አንድ በግ ያላት መበለት ሁለት ዶሮ ባላት መበለት ተሸንፋለች። ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው ምርመራው በነፃ ይደረግለታል፤ መድኃኒቱ ሲመጣ "ከውጭ ግዛ" ይባላል። ለድሃውም ለድሃ ድሃውም የሚባለው አንድ ነው። ፍትሐዊነት ይህ ካልሆነ እንግዲህ አላውቅም።

ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ ስለሚዘጋበት፣ አምቡላንስ ስለሚቆምበት ቀን አላሾፍም፤ አልፈዋለሁ። ሰላም በነበረበትም ጊዜ ቢሆን በእኛ ዳገት ላይ ሕመምተኛ የሚጓጓዘው በቃሬዛ ነው። ይህን ቃሬዛ አንድ ኃላፊ በንግግራቸው "ባህላዊ አምቡላንስ" ብለው ሲጠሩት ሰምቻለሁ፤ ከእንጨትና ከጠፍር የተሠራ ዕቃ በአንድ ቃል ተሽከርካሪ ሲሆን ያየሁት ያኔ ነው። ነዳጅ አይፈልግም፣ ጎማው አይተነፍስም፣ ሾፌሩ ስምንት ነው። ወላዶች ቀድመው ወርደው በጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ እንዲሰነብቱ፣ ገንፎም እንዲበሉ ይመከራሉ፤ ምክሩ ደግ ነው፤ ሰኔና ሐምሌ ላይ ግን እርሻውን፣ ከብቱንና አምስቱን ልጆች ማን ያቆይላት?

ባለፈው ሐምሌ የጎረቤታችን ሚስት ምጥ በሌሊት ያዛት። የእድሩ ጎረምሶች ቃሬዛውን አወጡ። ዝናቡ ግን የጮቄ ዝናብ ነው፤ ጋቢም ሆነ በርኖስ አይመልሰውም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አብራን ነበረች። ወደ ጤና ኬላው አጥር ሮጣ በቅርቡ የተሰቀለውን ባነር ቢላ ይዛ ገመዱን ቆረጠችና አመጣችው። ሁለት ሜትር በአራት ሜትር፣ ወፍራም ፕላስቲክ። "ፍትሐዊ የጤና አገልግሎት ለሁሉም!" ይላል። ሴትዮዋን ከራስ ጠጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ሸፍነንባት ሦስት ሰዓት ተኩል በጭቃ ወረድን። ባትሪ ይዤ ከኋላ የምከተለው እኔ ነበርኩ፤ ብርሃኑ በወደቀበት ቁጥር "ለሁሉም" የምትለዋ ተዘቅዝቃ ትታየኛለች። አንዲት ጠብታ አላሳለፈም። ሴት ልጅ ተወለደች፤ እናትም ልጅም ደህና ናቸው። በሕይወቴ ሙሉ መሪ ቃል እንዲህ ሥራ ላይ ሲውል አይቼ አላውቅም።

በሳምንቱ ከንብረት ክፍል ደብዳቤ መጣ፤ ባነሩ በሞዴል 22 ወጪ ሳይደረግ ከተሰቀለበት ስለተነሣ በአስቸኳይ ገቢ ይደረግ የሚል። እኛ መልስ ለመጻፍ ሰው ስንፈልግ ሁለተኛ ደብዳቤ ተከተለ፤ አዲስ አመራር ስለተመደበና መሪ ቃሉ ስለተለወጠ የቀድሞው ባነር ከአገልግሎት ውጪ ሆኗል ይላል። እድራችን ተሰብስቦ ባነሩን ከድንኳኑ፣ ከብረት ድስቱና ከቃሬዛው ቀጥሎ በንብረት መዝገቡ ላይ አሰፈረው።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የእድሩ ዳኛ ክንዴን ያዝ አድርገው ወደ ጎን ወሰዱኝ። "አንተ ከተማ ነህና ሳትሰማ አትቀርም፤ የሚቀጥለው ሹም ሽር መቼ ነው የሚሉት? በዚህ ክረምት የሚወልዱ ሦስት አሉን፤ አንድ ባነር አይበቃንም" አሉኝ።