ማስተካከያ፦ የዳታቤዝ ጥያቄ የሚፈጀውን ጊዜ ስለ መለካት

በደብረ ማርቆስ ላሉ ጀማሪ ፕሮግራመሮች ባለፈው ሳምንት ባዘጋጀሁት ማስታወሻ፣ «ከኤክሰኪዩት (ጥያቄውን ለዳታቤዙ ከሚያቀርበው ትእዛዝ) በፊትና በኋላ ሰዓት ያዙ፤ ልዩነቱ ጥያቄው የፈጀው ጊዜ ነው» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ምሳሌዬ በፓይተን ቋንቋና በኤስኪውላይት ዳታቤዝ የተሠራ የጤፍ መጋዘን መዝገብ ነበር። ኤስኪውላይት ውጤቱን የሚያወጣው ረድፍ በረድፍ ነው። ኤክሰኪዩት ሲመለስ ብዙውን ጊዜ የተዘጋጀው የመጀመሪያው ረድፍ ብቻ ነው፤ የቀረው ሥራ የሚሠራው ፌችኦል (የቀሩትን ረድፎች ሁሉ የሚያመጣው ትእዛዝ) ሲጠራ ነው። እኔ ያስተማርሁት አንድ ቁና ሰፍሮ ጎተራውን ለካሁ እንደማለት ነው። ሁለተኛውን ሰዓት ከፌችኦል በኋላ ያዙ።

ሰዓቱም ይቀየር። ታይም ዶት ታይም የተባለው የፓይተን ትእዛዝ የሚያነበው የኮምፒውተሩን የቀን ሰዓት ስለሆነ፣ ሰዓቱ በኢንተርኔት ሲስተካከል ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣው ፓይተን 3.3 የተጨመረው ፐርፍ ካውንተር የተባለው ጊዜ መለኪያ ግን ወደ ኋላ አይሄድም።

ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝ የምትጠቀሙም ልብ በሉ፦ ኤክስፕሌይን አናላይዝ (ጥያቄውን አስኪዶ የፈጀውን ጊዜ የሚያሳየው ትእዛዝ) የሚነግራችሁ በአገልጋዩ ላይ ያለፈውን ጊዜ ነው። አገልጋዩ ባሕር ዳር፣ እናንተ ማርቆስ ብትሆኑ፣ ውጤቱ በመስመር የሚጓዝበት ጊዜ አይቆጠርም።

በእኔ አለካክ ተማምናችሁ «አያስፈልግም» ብላችሁ ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፈጥን የዳታቤዝ ማውጫ) ያጠፋችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ መልሳችሁ ለኩ።