እርማት፦ ላይብረሪው «አልተገኘም» ማለት ኮምፓይሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም
ሊኑክስ ላይ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የኮድ ስብስብ) ከሶርስ ኮድ ኮምፓይል አድርጋችሁ፣ ማለትም ኮዱን ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው ፋይል ቀይራችሁ፣ ጭናችሁ የሚጠቀምበት ፕሮግራም ፋይሉን አላገኘሁትም ሲል፣ «ኮምፓይሉ ስለተበላሸ አጥፍታችሁ እንደገና ጀምሩ» የሚል ምክር ደጋግሜ እያየሁ ነው። በቅንነት የተሰጠ ምክር ነው፤ ግን ልክ አይደለም።

የመጫኛው ትዕዛዝ «ሜክ ኢንስቶል» ያለ ስህተት ካለቀ ፋይሉ ብዙ ጊዜ ቦታው ላይ አለ። «ዩኤስአር፣ ሎካል፣ ሊብ» (/usr/local/lib) የሚለውን ፎልደር ከፍታችሁ እዩት። ፕሮግራሙ ሲነሳ ላይብረሪ የሚፈለግለት ግን ቀድሞ ከተዘጋጀ ዝርዝር ነው፤ አዲሱ ገና እዚያ አልገባም። ተርሚናል ላይ «ሱዶ ኤልዲኮንፊግ» (sudo ldconfig) ስትሉ ዝርዝሩ ይታደሳል። ከዚያ ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸው ላይብረሪዎች የት እንዳሉ የሚያሳየውን «ኤልዲዲ» (ldd) ብላችሁ የፕሮግራሙን ፋይል አስከትሉ። «ኖት ፋውንድ» የነበረበት ቦታ ላይ የፋይሉ አድራሻ ከመጣ ችግሩ ተፈቷል። ፌዶራ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ግን መጀመሪያ ፎልደሩን ራሱን በኤልዲኮንፊግ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል።

ኦፕንሲቪን (የምስል ማቀነባበሪያ ላይብረሪ) የመሰለ ትልቅ ላይብረሪ በደከመ ላፕቶፕ እንደ አዲስ ኮምፓይል ማድረግ ሰዓታት ይበላል። ችግሩም እንዳለ ይቆያል።