ጠጋ በሉ

ትናንት ማታ 4 ሰዓት ላይ ከአንዲት "ግ" ጋር ተጣላሁ። የሰርግ ጥሪ ካርድ እየሰራሁ ነው፣ 500 ፍሬ፣ ጠዋት ማተሚያ ቤት መግባት አለበት፣ ሁሉ ነገር አልቆ "ሠርግ" የሚለው ቃል ላይ ብቻ "ር" እና "ግ" መሀል ክፍተት ቀረች። ትንሽዬ ናት፣ ግን አንዴ ካየኻት ሌላ ነገር አይታይህም። ፍንጭት ለሰው ውበት ነው ይባላል፣ ለፊደል ግን አይሆንም። የኛ ፊደል ፎንቶች ብዙዎቹ የፊደል ለፊደል ርቀት በደንብ አልተሰራላቸውም፣ ስለዚህ ትልልቁን ፅሁፍ ዲዛይነሩ ራሱ አውትላይን አድርጎ፣ ማለትም ፅሁፉን ወደ ስዕል ቀይሮ፣ አንድ በአንድ በእጁ እየገፋ ነው የሚያስተካክለው።

እኔም "ግ"ን በማውስ ያዝኳትና ወደ ግራ በፀጉር ስፋት ገፋ ላደርጋት ስል ዘላ ሄዳ "ር" ላይ ልጥፍ አለች። መለስኳት። አሁን ደግሞ ተነስታ ካርዱ ላይ ከላይ ከተሳሉት ቀለበቶች መሀል ጋር እኩል ሆና ቆመች፣ አንዲት ደማቅ ሮዝ መስመርም ብልጭ አለች፣ እንኳን ደስ ያላችሁ የምትል ነው የሚመስለው። ማን ጠየቀሽ? ይሄ ስናፕ የሚባለው ነው፣ የያዝከውን ነገር ፕሮግራሙ በራሱ ስቦ አጠገቡ ካለው ነገር ጋር የሚያጣብቀው ወይም የሚያስተካክለው። የምሰራበትን ፕሮግራም ስሙን አልጠራም፣ እንጀራዬ ነው።

"ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት" የምትለዋን ተረት የምወዳት ለዚህ ነው። አያቴ ይቺን የምትተርትብኝ እንግዳ ሲመጣ ማንም ሳያዘኝ ጠላ ልቅዳ ብዬ ስነሳ ነበር፣ እሷ ቅልጥፍናዬን መስሏት፣ እኔ ግን ጓዳ ገብቼ መጀመሪያ ራሴ ልቀምስ ነበር። አሁን ሳስበው መስሏት እንኳን አልነበረም፣ ታውቅ ነበር። ብቻ ይቺ ተረት ለኮምፒውተር የተተረተች ናት፣ ሳትጠራው አቤት ይልሃል፣ ሳትልከው ይሄዳል፣ ያውም አንተ የያዝከውን ነገር ይዞብህ።

ዲዛይን ለማይሰራ ሰው ስናፕ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም፣ የታክሲ ረዳት ነው። "ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ነው ጠጋ በሉለት" የሚለው። ለ3 ሰው በተሰራች ወንበር ላይ አራተኛ ሰው የሚያስገባው፣ አንተ ትከሻህን ነፃ ለማድረግ ብለህ የተውካትን አንድ ስንዝር ባዶ ቦታ የሚያይና የሚያመው። ስናፕም እንደዛው ነው፣ ሁለት ነገሮች ተቀራርበው ካየ መነካካት አምሯቸው ነው ብሎ ያስባል።

ነገሩ የመጣው እንኳን ለደግ ነበር። ኢቫን ሳዘርላንድ የሚባል ሰው በ1963 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬቱ ስኬችፓድ የሚባል ፕሮግራም ሰራ፣ ስክሪን ላይ በብርሃን ብዕር የሚሳልበት። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ብዕሩም ልክ ነጥቧ ላይ አያርፍም፣ ስለዚህ ብዕሩ መስመር አጠገብ ሲደርስ ፕሮግራሙ ራሱ ስቦ መስመሩ ላይ ያሳርፈዋል። ጎበዝ። ለሚንቀጠቀጥ እጅ ምርኩዝ ነው፣ ማን ይጠላል? የኔ እጅ ግን አልተንቀጠቀጠም። እኔ ያቺን የፀጉር ስፋት ሆን ብዬ ነው የፈለግኳት።

በነገራችን ላይ "ሠርግ" ያልኩት ወድጄ አይደለም። እኔ የፃፍኩት በእሳቱ "ሰ" ነበር፣ የሙሽራዋ አጎት ናቸው "ልጄ፣ ይሄ የንጉሡ ሠ ነው" ብለው ያስቀየሩኝ። ቀየርኩ። በሳምንቱ የሙሽራው አባት ደውለው "ማነው ይሄን ያበላሸው፣ እሳቱ ነው እንጂ" አሉ። መለስኩ። ከዛ ሁለቱ ቤተሰቦች በሽምግልና ተነጋግረው ንጉሡ አሸነፈ፣ ጥሎሽ ላይ እንኳን እንደዚህ አልተከራከሩም አሉ። ለሶስቱም ለውጥ ተጨማሪ ሂሳብ አልተከፈለኝም፣ ይሄን ልብ በሉልኝ። "አንዲት ፊደል አይደለች እንዴ" ነው መልሱ። አንዲት ፊደል! ለአንዲት ፊደል ሁለት ቤት ሊፈርስ ነበር እኮ።

የት ነበርኩ? ስናፕ። የመሳቢያ ርቀት የሚባል ነገር አለው፣ ኢለስትሬተር የሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ላይ ለስማርት ጋይድ፣ ሮዟን መስመር ለሚያወጣው ማለት ነው፣ ሲጀምር 4 ፖይንት (የፊደል መለኪያ) ነው፣ ከዛ ውጪ ያለ ነገር አይሳብም። አክስቴ የመሳቢያ ርቀቷ ስንት እንደሆነ ግን እስካሁን አልተለካም። የዛሬ ሁለት ዓመት እህቴ ስታገባ ፎቶ አንሺው "ጠጋ ጠጋ በሉ" ሲል እኔ ዳር ነበርኩ፣ ከጎኔ አንዲት የሙሽራዋ የስራ ባልደረባ ቆማለች፣ ስሟን እንኳን አላውቅም፣ መሀላችን ሌላ ሰው የሚያስቆም ቦታ ነበር። አክስቴ ከኋላ መጥታ በትከሻዬ ገፋችኝ። በቃ። በሳምንቱ ሀዋሳ ያሉ ዘመዶች "ደስ ብሎናል፣ መቼ ነው ታዲያ?" ብለው ደወሉ። ፎቶው አሁንም ሳሎኗ ውስጥ ቡፌው ላይ አለ፣ ቤት የገባ እንግዳ ሁሉ "ይቺ ማናት?" ይላል፣ አክስቴ ዝም ትልና ፈገግ ትላለች። ያቺ ፈገግታ ናት ሮዟ መስመር።

የሚያናድደኝ መገፋቱ እንኳን አይደለም። ትንሽ ራቅ ብሎ የቆመ ሰው ሁሉ ቦታ ጠፍቶበት ነው ተብሎ መታሰቡ ነው። 34 ዓመቴ ነው፣ ብቻዬን ነው የምኖረው፣ ምሳዬን ብቻዬን ስበላ አስተናጋጁ ሳይቀር "ሰው እየጠበቅክ ነው?" ይለኛል። አይ፣ ማንንም አልጠብቅም፣ ሽሮ ነው የምጠብቀው። እዚህ ጋ የቆምኩት እዚህ ጋ መቆም ስለፈለግኩ ነው፣ ካልገባህ ተወው እንጂ እየጎተትክ አታስተካክለኝ!

እሺ። አብሮኝ የሚሰራውን ልጅ ቴሌግራም ላይ ጠየቅኩት፣ "ጋሼ አጥፋዋ በቃ" አለኝ። ጋሼ የሚለኝ በ6 ዓመት ስለምበልጠው ነው፣ ይሄም ሌላ ቁስል ነው። ማጥፊያው ኢለስትሬተር ላይ ኮንትሮል ዩ ነው፣ ሌሎቹ የዲዛይን ፕሮግራሞች ጋ ደግሞ፣ ኢንክስኬፕ ላይ የፐርሰንት ምልክቷ፣ ኮረል ላይ አልት ኪው። ግን አንዱን አጠፋሁ ብለህ እንዳትደላደል፣ ኢለስትሬተር ላይ ኮንትሮል ዩ ስማርት ጋይድን ነው የሚያጠፋው፣ ስናፕ ቱ ፖይንትና ስናፕ ቱ ፒክስል የሚባሉት ሌሎቹ ስናፖች ቪው ሜኑ ውስጥ ለየብቻቸው ተቀምጠዋል፣ አክስት ስትሸኝ አጎት እንደሚመጣው ማለት ነው። ሌላው ዘዴ በጣም ዙም ማድረግ ነው፣ የመሳቢያው ርቀት የሚለካው በስክሪን እንጂ በወረቀት ስላልሆነ፣ ከቀረብክ ጉልበቱ ይደክማል። እኔ ስናፑን ሁሉ አጥፍቼ፣ በመጨረሻ ማውሱንም ትቼ ኪቦርዱ ላይ ባለችው ቀስት ጨረስኩ፣ የቀስቷን እርምጃ ከ1 ፖይንት ወደ 0.1 አውርጄ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። "ግ" ቦታዋን ያዘች። ሌሊት 7 ሰዓት ሆኗል። ለማሳመር ብዬ ቀለበቶቹንም በማውስ ትንሽ ከፍ አደረግኩና ተኛሁ።

ጠዋት አራት ኪሎ ማተሚያ ቤት ፍላሼን ሰጥቼ የመጀመሪያዋ ናሙና ወጣች። "ሠርግ" አምሯል። ቀለበቶቹ ግን ወደ ቀኝ አዘንብለዋል፣ በፀጉር ስፋት፣ ስናፑን እንዳጠፋሁት ረስቼ። ናሙናዋን ይዤ እያገላበጥኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ፣ አክስቴ።

"የት ነህ?"

"አራት ኪሎ፣ ስራ ላይ ነኝ።"

"ውይ፣ እዚሁ አጠገባችን ነሃ! ቡና እየተፈላ ነው ብቅ በል፣ እንግዳ አለችን።"