ገበሬውን ሳንጠይቅ «ውጤታማ» አንበል

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ከልቤ ተናድጄ ነው። አንድ የወረዳ ግብርና ባለሙያ ለገበሬው ስለተሰጠው የእርሻ ምክር የተጻፈውን የዓመቱን ሪፖርት አሳየኝ። ይህን ያህል ሺህ አርሶ አደር ሠለጠነ፣ ይህን ያህል ሄክታር «በሙሉ ፓኬጅ»፣ ማለትም ዘሩም ማዳበሪያውም አሠራሩም እንደ ምክሩ ሆኖ፣ ተሸፈነ፣ ይህን ያህል ኩንታል ማዳበሪያ ተሰራጨ ይላል። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አገላበጥኩት። ምክሩን የሰማው ገበሬ የሞላው ጎተራው ነው ወይስ ዕዳው? ስለዚህ ጉዳይ አንድም መስመር የለም።

በየቀበሌው ገበሬውን የሚመክር ሦስት የልማት ሠራተኛ ይመደባል፤ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት። ጥሩ። ግን ያንን ወጣት ምን እያሠራነው ነው? ስብሰባ ይጠራል፣ መዋጮ ይቀሰቅሳል፣ የማዳበሪያ ዕዳ እንዲሰበሰብ ይላካል፣ ከዚያ ዓመቱ ሲያልቅ መጠይቅ ይዞ እዚያው ደጅ ይቆምና «አባባ፣ ምክራችን እንዴት ነበር?» ይላል። «ጥሩ ነው ልጄ፣ እግዜር ይስጥልን» ይሉታል። ሌላ ምን ይበሉት? የከርሞው ዩሪያና ምርጥ ዘር የሚመጣው በእሱው በኩል ነው! እኛ ደግሞ ይህችን የይሉኝታ መልስ በመቶኛ አስልተን «የአርሶ አደሩ እርካታ» ብለን እንጽፋለን። ነውር ነው።

ጤፍን በመስመር መዝራት የተባለውን አስታውሱ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ገበሬው በሄክታር ከ30 ኪሎ በላይ ይበትን የነበረውን ዘር ወደ 5 ኪሎ ገደማ ማውረድ፣ አረሙንም ማቅለል ነበር ዓላማው። ግን የጤፍን ዘር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ያቺን ደቃቅ ፍሬ በጭቃ ላይ ጎንበስ ብሎ በእጅ በመስመር ማፍሰስ የስንት ሰው ጉልበት ይበላል? እሱን ማን አሰላው? እናም መንገድ ዳር ያለው ማሳ ለጎብኚ በመስመር ተዘራ፣ ከጀርባው ያለው እንደ ድሮው ተበተነ። ሪፖርቱ ሁለቱንም «በመስመር» አለ። ገበሬው ያንን ሲያደርግ በግልጽ እየነገረን ነበር፤ የሰማው ግን የለም።

ማዳበሪያውም እንደዚያው ነው። ለረጅም ዓመታት ለሁሉም ማሳ አንድ ምክር ነበር፣ በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ። አዊም ይሁን ወለጋ፣ አፈሩ አሲዳማ ሆኖ ማዳበሪያውን አስሮ በሚያስቀርበት ቦታ እንኳ። አሲዱን የሚያበርድ ኖራ የሚያስፈልገው መሬት ላይ ገበሬው በብድር ማዳበሪያ ደፋበት፤ አልሰጥ ሲለውና ሲያጉረመርም «ኋላ ቀር» ተባለ። ይህን ስም ያወጣንለት እኛ ነን፤ አሁን የትኛው አፈር ምን እንደሚፈልግ የሚያሳይ የአፈር ካርታ ተሠራ ብለን ያንን ዝም ብለን ልናልፈው አይገባም።

በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው፣ የእርሻ ምክር የሚሰጠው 8028 የስልክ መስመር ትልቅ ነገር ነው፤ በነጻ፣ በራሱ ቋንቋ፣ ገበሬው በፈለገ ሰዓት ይደውላል። ሚሊዮኖች ደውለዋል። ግን እዚህም የምንቆጥረው ጥሪውን ነው። የሰማውን ማሳው ላይ ሞከረው?

ሴቶቹንስ? ሥልጠና ሲጠራ «አባወራው ይምጣ» ይባላል። ዘሩን የምትመርጠው፣ ዶሮውንና ጓሮውን የያዘችው እሷ ሆና ሳለ ምክሩ ለባሏ ተነግሮ ጠላ ቤት ይቀራል። ከዚያ «ቴክኖሎጂው አልተስፋፋም» ብለን እንገረማለን።

እናንተ ባለሙያዎች፣ መጠይቁን ምክሩን የሰጠው ሰው አይያዘው። ሌላ ሰው ይሂድ። ምክሩን የተቀበለውን ብቻ ሳይሆን ጀምሮ የተወውን ፈልጉና ለምን እንደተወው ጠይቁ፣ እውነቱ ያለው እሱ ጋ ነው። ምክሩን ካልሰማው ጎረቤት ማሳ ጋር አወዳድሩ። ኩንታሉን ብቻ አትመዝኑ፤ የቀን ሠራተኛውን፣ የማዳበሪያውን ዋጋ፣ የብድሩን ወለድ ቀንሱና ምን እንደቀረው እዩ። ማንም ሳያስገድደው በሦስተኛው ዓመትም ከሠራበት፣ ያኔ ምክር ነበር በሉ።

እኛ የገበሬ ልጆች ሆነን ከተማ የተቀመጥነውም አናመልጥም። ለገና አገር ቤት እንሄዳለን፣ ጤፍና ማር ጭነን እንመለሳለን፣ አባታችንን ግን «ዘንድሮ ምን መከሩህ? ሠራልህ?» ብለን ጠይቀን አናውቅም። ጊዜው ደግሞ የውቂያ ነው፤ ምርቱም፣ ዕዳውም አንድ ላይ አውድማ ላይ ይታያል። ዘንድሮ ስትሄዱ እዚያው ቁጭ በሉና ጠይቁት። እናታችሁንም ለብቻዋ ጠይቋት።