ካራጂናን ቫይረስ አይገድልም

አንድ ጽሑፍ ከቀይ አልጌ የሚወጣው ካራጂናን «ቫይረስ ይገድላል» ይላል። አይገድልም፤ መንገድ ይዘጋል እንጂ። ካራጂናን ኔጌቲቭ ቻርጅ ያላቸው ብዙ ሰልፌቶች የተሸከመ ረጅም የስኳር ሰንሰለት ነው። ሴሎቻችን ላይ ያለው ሄፓራን ሰልፌት የሚባል የስኳር ሰንሰለትም ተመሳሳይ ቻርጅ አለው፤ የሄርፒስ ቫይረስ መጀመሪያ የሚለጠፈው እዚያ ላይ ነው። ካራጂናኑ ቀድሞ ከጠበቀው ቫይረሱ እሱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ስለዚህ በላቦራቶሪ ወሳኙ ሰዓት ነው፦ ከቫይረሱ ጋር አብሮ ሲጨመር በደንብ ይሠራል፤ ቫይረሱ ሴል ውስጥ ከገባ በኋላ ሲጨመር ውጤቱ ክፉኛ ይወርዳል።

የካራጂናን እንክብል መዋጥም ለዚሁ ነው የማይረባው። ሞለኪውሉ ግዙፍ ስለሆነ ከአንጀት ወደ ደም እምብዛም አያልፍም። የአፍንጫ ስፕሬይ ግን ቢያንስ ቫይረሱ የሚገባበት ቦታ ላይ ይደርሳል።

የላቦራቶሪውን ሙከራ መድገም ለምትፈልጉ ተማሪዎች፦ ካራጂናኑን ከደረቀው አልጌ በሙቅ ውሃ አውጡ፣ ሳይቀዘቅዝ አጣሩ (ከቀዘቀዘ ይረጋና ማጣሪያውን ይደፍናል)፣ ከዚያ በኤታኖል አዝቅጡ። አሲድ ውስጥ አታሙቁት፤ ሰንሰለቱ ይበጣጠሳል። ያለ ቫይረስም ሴሎቹ ላይ ብቻውን ሞክሩት፤ አለዚያ የሴል መመረዝን እንደ ፀረ ቫይረስ ውጤት ትቆጥሩታላችሁ።

ጽሑፉ የዘለለው ደግሞ ካራጋርድን ነው። ይህ በሴት ብልት ውስጥ የሚደረግ የካራጂናን ጄል ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከ6 ሺህ በላይ ሴቶች ላይ ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ውጤት ኤችአይቪን አልተከላከለም። ተሳታፊዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ተጠቅመናል ቢሉም፣ የጄሉ መጨመሪያ ቱቦዎች ምርመራ አጠቃቀሙ ከግማሽ በታች እንደነበር አሳይቷል።